የእንግሊዝ ገጠር አልቤርጎና የእናቴ ቤት ግድግዳ

ነሐሴ ላይ እማዬ ደወለችልኝ። «የጓዳው ግድግዳ ሆዱን ነፍቷል፣ ነይና እዪው» አለችኝ። ጅማ ነሐሴ ላይ እንዴት እንደምትዘንብ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሰፈራችን ሄርማታ እስክደርስ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቅ ነበር።

እውነቷን ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የስሚንቶው ልስን ወደ ውጭ አብጧል። ዙሪያውን ቀጭን ስንጥቅ ከቦታል። በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ዕቃ የመታሁ ያህል ጮኸ። መዶሻ አምጥቼ ነካ ሳደርገው ትሪ የሚያህል ስሚንቶ ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እንደ ሊጥ ርሷል። ጭቃው መሃል የቆመውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋሁት። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ከዚያ ተነስቼ ያንኑ እንጨት ደረቴ ጋ ወጋሁት፣ ጫፉም አልገባም። ድንጋይ ነው። አንድ እንጨት፣ ከላይ እንደ አዲስ፣ ከታች እንደ ራሰ ዳቦ።

ቤቱ አያቴ ያሠራው ነው። እንጨትና ጭቃ፣ ላዩ ቆርቆሮ። እኔ ልጅ እያለሁ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ምርጊቱ ይታደስ ነበር፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ነው። ከ12 ዓመት በፊት ግን ተሰብስበን ተማከርንና ስሚንቶ እናስለስነው አልን። ሥራውን የያዘው ሰው «ከዚህ በኋላ እጃችሁን አትነኩትም» ብሎ አሳመነን። ገንዘቡን እኔና እህቴ ተከፋፍለን ከፈልን። ቤቱ ያን ጊዜ ሲያምር! እማዬ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። እና 12 ዓመት ሙሉ፣ እንደተባለው፣ እጃችንን አልነካነውም።

ቆርቆሮው እየተንጣጣ ያን የበሰበሰ እንጨት ስመለከት አንድ የእንግሊዝ ገጠር ቤት ትዝ አለኝ። ስለዚያ ቤት ለመጻፍ ካሰብኩ ቆይቷል፣ ዛሬ ልጻፈው። የእንግሊዙን ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለአጭር ሥልጠና በርሚንግሃም ነበርኩ። አንድ እሁድ አብራኝ የምትሠለጥን ልጅ በመኪናዋ ኢቭሻም ወደሚባለው አገር ይዛኝ ወጣች። ከኢቭሻም ትንሽ ራቅ ብሎ ብሬትፎርተን የሚባል መንደር አለ። እዚያ ፍሊስ ኢን የሚባል ቤት አለ። ፍሊስ ማለት የበግ ፀጉር ነው። ኢን የሚሉት ደግሞ በኛ አልቤርጎ ልንለው የምንችለው ነው፣ የሚጠጣም የሚበላም አለ፣ ለመንገደኛ አልጋ አለ፣ በድሮው ጊዜ ደግሞ ለፈረሱም ጋጣ ነበረው። መጠጥ ብቻ የሚሸጥ ቤት በድሮው አጠራር ኢን አይባልም። አልጋና ጋጣ ሲኖረው ነው።

ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ቤቱ የማውቀው ቤት መሆኑ ነው። በሌላ ቃል ልገልጸው አልችልም። ጥቁር የእንጨት ማዕቀፍ፣ በመካከሉ ነጭ የተለሰነ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ በር። ግድግዳው ቀጥ ያለ አይደለም። አንድ ቦታ ገባ፣ አንድ ቦታ ወጣ ይላል። ምርጊቱ ከእንጨቱ የተላቀቀበት ቦታ ላይ ያለው ስንጥቅ ራሱ የኛ ሰፈር ስንጥቅ ነው።

ቤቱ በ15ኛው መቶ ዓመት ነው የተሠራው። መጀመሪያ አልቤርጎም አልነበረም። የገበሬ ቤት ነበር፣ ሰውም ከብትም አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድርበት ረጅም ቤት። መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ያገኘው በ1848 ነው። ከዚያም በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ የመጨረሻዋ ባለቤት ሎላ ታፕሊን በ1977 ስትሞት ናሽናል ትረስት ለሚባለው የቅርስ ድርጅት ተናዘዘችው። እዚያው ቤት ተወልዳ፣ እዚያው ሠርታ፣ እዚያው የሞተች ሴት ናት። የተናዘዘችውም ባለበት እንዲኖር ነው፤ ዛሬም መጠጥ ቤት ነው። ሰው ቢራውን ይዞ የሚቀመጥበት ሙዚየም በሉት።

ስገባ ጎንበስ አልኩ። ወለሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ሰው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ምድጃው ሰው ቆሞ ሊገባበት ይችላል ብል አላጋነንኩም። ከምድጃው አፍ በላይ ያን ሁሉ የድንጋይና የጡብ ክብደት የተሸከመ አንድ ወፍራም እንጨት ተጋድሟል። በድሮ ቤቶቻቸው ሰዎች እዚያው ምድጃው ውስጥ በግራና በቀኝ ተቀምጠው ይሞቁ ነበር። እሳቱ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ነጫጭ ክቦች ተሥለዋል። ቢራ የምትቀዳውን ልጅ ጠየቅኋት። ጠንቋይ በጭስ ማውጫው እንዳይገባ ነው አለችኝ፣ ድሮ የተጀመረ ነው፣ ሲደበዝዝ በላዩ ላይ ይደገማል። ይህን ለእማዬ ስነግራት ምንም አልገረማትም። «ታዲያ በር ይዘጋል እንጂ ጭስ ማውጫ ይዘጋል እንዴ?» አለች።

የጭስ ማውጫ ነገር ከተነሳ፣ እንግሊዞቹም መጀመሪያ ጭስ ማውጫ አልነበራቸውም። የመካከለኛው ዘመን ቤቶቻቸው እሳቱ መሃል ወለሉ ላይ ነበር የሚነደው፣ ጭሱ በጣሪያው ሾልኮ ይወጣል። ልክ እንደ ጎጇችን። በጡብ የተሠራ ጭስ ማውጫ ወደ ተራው ሰው ቤት መግባት የጀመረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። ጭሱ ግድግዳ ውስጥ ሲገባላቸው ጊዜ ከላይ ፎቅ መጨመር ቻሉ። ስለዚህ ዛሬ የድሮ ቤት የሚያጠኑ ሰዎች መጀመሪያ የሚሠሩት ነገር ወደ ኮርኒሱ ወጥቶ ወጋግራውን በባትሪ ማየት ነው። ጥቀርሻ ካለበት ቤቱ ጭስ ማውጫ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው ማለት ነው። ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ጥቀርሻ! የሴት አያቴ ማጀት ላይ ያሉት እንጨቶች እንደዚያ ነበሩ፣ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጩ፣ ነቀዝ የማይደፍራቸው።

አሁን ወደ እንጨቱ ልምጣ። ይህ ክፍል ነው በጣም የምወደው።

የሚሠሩበት ዛፍ ኦክ ይባላል። እንጨቱ ሲደርቅ በጣም ስለሚጠነክር የሚጠርቡት እርጥብ ሳለ ነው። አናጢዎቹ ማዕቀፉን በሙሉ መጀመሪያ መሬት ላይ አስተኝተው ይገጥሙታል። የአንዱን እንጨት ጫፍ አቅጥነው በሌላው ላይ በተፈለፈለ ቀዳዳ ውስጥ ያስገቡታል። ሚስማር የለም። ሁለቱንም በመሰርሰሪያ በስተው የእንጨት ችንካር ይመቱበታል። ግን ቀዳዳዎቹን ፊት ለፊት አያገናኟቸውም፣ ሆን ብለው ትንሽ ያዛንፏቸዋል። ችንካሩ ሲመታ ተጠማዞ ያልፋል፣ ሲያልፍ ሁለቱን እንጨቶች ስቦ ያጣብቃቸዋል። ከዚያ እርጥቡ እንጨት በዓመታት ውስጥ እየደረቀ ሲኮማተር መገጣጠሚያው ይበልጥ ይጨመደዳል። የእነዚያ ቤቶች መጣመም ብዙው ከዚህ ነው የመጣው። ቤቱ ስላረጀ ብቻ አይደለም የተጣመመው፣ ገና በልጅነቱ እየደረቀ ነው የተጣመመው። ከዚያ ቆመ።

መሬት ላይ የተገጠመው ማዕቀፍ ተፈትቶ በጋሪ ይጫንና ቤቱ የሚቆምበት ቦታ ሲደርስ እንደገና ይገጠማል። የትኛው እንጨት ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ እንዳይጠፋ አናጢው በመሮ ምልክት ይቆርጥበታል፣ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ እንደ ሮማ ቁጥር። ዛሬም የድሮ ቤት ውስጥ ገብታችሁ በደንብ ካያችሁ ምልክቶቹን ታገኟቸዋላችሁ። እኔ አንድ አግዳሚ ላይ ሦስት ጭረት አገኘሁ። ጣቴን አስገብቼ ዳሰስኩት። ጠርዙ አሁንም ስለታም ነው። ይህን የቆረጠ ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም፣ እጁ ግን እዚያው አለ።

ከማዕቀፉ በኋላ ግድግዳው ይሞላል። እና እዚህ ጋ ነው ልቤ የዘለለው። በቋሚዎቹ መካከል ቀጫጭን ፍልጥ ያቆማሉ። በፍልጡ ላይ ለጋ ቅርንጫፍ እንደ ቅርጫት ይሸምናሉ። በዚያ ላይ ከሁለቱም ወገን ጭቃ ይመርጋሉ። ጭቃው ውስጥ ምን አለ? ጭድ፣ የከብት እበት፣ አንዳንዴም የእንስሳ ፀጉር። በእግር ይረገጣል። ሲደርቅ ላዩን በኖራ ይለሰናል። ማገር፣ ጭቃ፣ ጭድ፣ እበት፣ ምርጊት፣ ኖራ። እኛ ለእያንዳንዱ ቃል አለን! ልጅ ሆኜ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ የረገጥኩት ጭቃ ነው። ያቺ የሥልጠና ጓደኛዬ ይህ እንዴት እንደሚሠራ ልታስረዳኝ ስትጀምር እኔ ጨረስኩላት።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ጥያቄው። ይኼው ጭቃ፣ ይኼው ጭድ፣ ይኼው እንጨት እዚያ ስድስት መቶ ዓመት ሲቆም እኛ ጋ «ጭቃ ቤት» ሲባል ለምን የድህነት ስም ሆነ? ዝናብ እንዳትሉኝ። ጅማ ከዚያ የእንግሊዝ አካባቢ በብዙ የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፣ ልክ ነው፣ ምስጡም አለ። ግን አያቴ የሠራው ግድግዳ ስሚንቶው እስኪመጣ ድረስ ያንን ሁሉ ዝናብ ችሎ ኖሯል።

ዴቨን በሚባለው የእንግሊዝ ክፍል የድሮ ቤቶቹን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በጭቃ ነበር የሚሠሩት፣ ያለ እንጨት። እነሱ የጭቃ ግድግዳ ጥሩ ባርኔጣና ጥሩ ጫማ ካለው ሁሉን ይችላል ይላሉ። ባርኔጣው ጣሪያው ነው። ጫማው የድንጋይ መሠረቱ ነው። እንደ ፍሊስ ባሉት የእንጨት ቤቶችም እንጨቱ መሬት አይነካም፣ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው። ክዳኑ ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ውሃውን አርቆ ይጥላል።

ሌላም ዘዴ አላቸው። በብዙ የድሮ ቤቶቻቸው ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወደ ውጭ ወጣ ይላል። የወለሉ ወራጆች ከታችኛው ግድግዳ አልፈው ይወጡና የላይኛው ግድግዳ ጫፋቸው ላይ ይቆማል። ላይ ቤቱ ይሰፋል፣ የላይኛው ግድግዳ ክብደት የወራጆቹን ጫፍ ስለሚጫን ወለሉ መሃል ላይ አይረግብም፣ በዚያ ላይ ለታችኛው ግድግዳ ጥላ ይሆነዋል። ይህ አሠራር በደንብ የሚታየው ሶመርሴት ውስጥ ኖርተን ሴንት ፊሊፕ በሚባል መንደር ባለው ጆርጅ ኢን ላይ ነው። የሄድኩት ወደ ፍሊስ ብቻ ነው፣ ይህን ያወቅኩት በኋላ ከፎቶና ከንባብ ነው። ሥሩ ድንጋይ ነው። ከላዩ ሁለት የእንጨት ፎቆች አሉ፣ አንዱ ከሌላው ወደ መንገዱ ወጣ ወጣ ብለው። ያሠሩት በአቅራቢያው ያለው የሂንተን ገዳም መነኮሳት ናቸው፣ የሱፍ ገበያ ለሚመጡ ነጋዴዎች ማደሪያ እንዲሆን። በ1685 በንጉሡ ላይ ያመፀው የሞንመዝ መስፍን ከሠራዊቱ ጋር እዚያ ሰፍሮ ነበር።

መነኮሳት ለነጋዴ አልቤርጎ ሲሠሩ አስቡት። እኔ ግን ሳነበው ወዲያው የመጣብኝ ሄርማታ ነው። የሐሙስ ገበያው፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ በቅሎው፣ ጭነቱ። ያ ሁሉ ሰው የት ነበር የሚያድረው? በቅሎውስ የት ይታሰር ነበር? ገበያ ባለበት ማደሪያ አለ። እንግሊዝ አገር ሱፍ ነበር፣ እኛ ጋ ቡና። ልዩነቱ የነሱ ማደሪያ ዛሬም ቆሞ አልጋ ያከራያል፣ የኛን ግን የት እንደነበረ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።

በነገራችን ላይ የነሱ አልቤርጎዎችም በየዘመኑ መልካቸውን ቀይረዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መንገዱ ሲሻሻል፣ በተለይ ከ1784 ጀምሮ ፖስታ በፈረስ ሠረገላ መመላለስ ሲጀምር፣ በዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሀብታም ሆኑ። ሠረገላው ከነሰዉ እንዲገባ ከፍ ያለ ቅስት በር ይከፍታሉ፣ ከኋላ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ጋጣ። ፊታቸውን ደግሞ በዘመኑ ፋሽን በጡብ ይሸፍኑታል። ከፊት ስታዩት ቀጥ ያለ የጡብ ቤት ነው፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ የ15ኛው መቶ ዓመት እንጨት። ባቡር ሲመጣ ሠረገላው ቀረ፣ ብዙዎቹም ደከሙ። ያ ጥቁርና ነጭ ቀለም ራሱ ብዙ ቦታ ላይ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፣ ከዚያ በፊት እንጨቱ በራሱ ግራጫ መልክ ወይም በኖራ ተቀብቶ ነበር የሚተወው።

እነሱም ስሚንቶ አሳስቷቸዋል። ይህን ሳውቅ ትንሽ ተጽናናሁ፣ ትንሽ ደግሞ ተናደድኩ። በ20ኛው መቶ ዓመት የድሮ ቤቶቻቸውን በስሚንቶ መጠገን ጀመሩ፣ ይጠነክራል ብለው። እንጨት ግን ይንቀሳቀሳል፣ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል። ስሚንቶ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ኖራና ጭቃ እርጥበቱን ስበው መልሰው ለአየር ይሰጣሉ፣ ስሚንቶ ግን እንደ ላስቲክ አፍኖ ይይዘዋል። እንጨቱ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ከውስጥ ይበሰብሳል። ዛሬ እዚያ የድሮ ቤት የሚጠግን ባለሙያ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ያንን ስሚንቶ አውልቆ በኖራ መተካት ነው። እኔ በመዶሻ ነክቼ ያየሁት ይህንኑ ነው። ለ12 ዓመት የእማዬን ቤት ላስቲክ አልብሰነው ኖርን።

ዊልያም ሞሪስ የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1877 ጥንታዊ ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቁሟል። ማኅበሩ ዛሬም አለ። ሐሳባቸው ቀላል ነው፣ አሮጌ ቤትን አፍርሰህ እንደ አዲስ አታስመስለው፣ በየቀኑ ተንከባከበው፣ ያፈሰሰውን ድፈን፣ የበሰበሰውን ያህል ብቻ ለውጥ። በኋላ መንግሥትም ገባበት። በ1947 በወጣ ሕግ የድሮ ሕንፃዎች እየተመዘገቡ በደረጃ ይቀመጣሉ፣ የተመዘገበ ቤት ያለ ፈቃድ አይነካም። ፍሊስም ከተመዘገቡት አንዱ ነው። እና በየካቲት 2004 የሣር ክዳኑ እሳት ያዘው። ጣሪያው ወደመ። ዕቃው አብዛኛው ተረፈ። ሰዎቹ ቀሪውን አፍርሰው ብሎኬት አልገነቡበትም። በሚቀጥለው ዓመት ጠግነው ከፈቱት፣ እኔም ገብቼ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ።

እኛም እንዲህ ያለ ቤት አለን። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅማ ያደገ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት ጉብኝት አይቶታል። በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ያሠሩት ነው። እኔ በልጅነቴ ስሄድ ያየሁት ከላይ ከተማው እንዴት እንደሚታይ ብቻ ነበር። ከእንግሊዝ ስመለስ እንደገና ወጣሁ። የእንጨቱን በረንዳ፣ ወጣ ያለውን ክዳን፣ ግድግዳው ከዝናብ እንዴት እንደተሸሸገ በሌላ ዓይን አየሁት። ባርኔጣ አለው። ይህን የሠሩት አናጢዎች ብሬትፎርተን የሚታወቀውን ያውቁ ነበር። ይህን ቤት ሠርቶ ያቆመ አገር የራሱን የመኖሪያ ቤት በጭቃነቱ ሲያፍርበት ያሳዝነኛል።

ወደ እማዬ ጓዳ ልመለስ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ። በርጩማም አልጋም ሲሠሩ ነው የኖሩት፣ ድሮ ግን ቤት ያቆሙ ነበር። ሁለት ቀን ለምኜ አመጣኋቸው። ግድግዳውን ዞረው አዩት፣ ጎንበስ ብለው ሥሩን ዳሰሱት፣ ከዚያ «ማነው ይህን ያለበሰው?» አሉ። ሰውዬውን ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ቤቱ ይፈርሳል?» አልኳቸው።

«ለምን ይፈርሳል? እግሩን ነው ያመመው። እግር የታመመ ሰው ይቀበራል እንዴ፣ ልጄ?»

ስልኬ ላይ ያለውን የፍሊስን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። በጣታቸው እያሰፉ መገጣጠሚያውን ብቻ ነው ያዩት፣ ስለ ቤቱ ዕድሜም አልጠየቁኝም። ቀዳዳዎቹን ሆን ብለው እንደሚያዛንፏቸው መናገር ስጀምር ገና ሳልጨርስ «እንዲስበው ነዋ!» አሉኝ። ያ ቃላቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እንግሊዝ አገር ሄጄ ያደነቅኩትን ነገር የሚያውቅ ሰው ከእማዬ ቤት ሦስት በር አልፎ ይኖር ነበር።

ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት አቆሙት። የበሰበሰውን እንጨት ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቆረጡት፣ ሁለት ክንድ ያህል ነው የወጣው። ከፈረሰ ቤት የተገኘ የወይራ እንጨት ገዛን። የአሮጌውንና የአዲሱን ጫፍ ግማሽ ግማሹን ጠርበው አንዱን በሌላው ላይ አስተኙትና በሁለት የእንጨት ችንካር መቱት። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ፣ አሁን እንጨቱ መሬት አይነካም። ከቤቱ ጎን ውሃው ወደ መንገድ እንዲሄድ ቦይ ቆፈርን። ቆርቆሮው አጭር ነበር፣ ስለዚህ አንድ ክንድ አስረዘምነው። ለዚህ ሁሉ ያወጣነው ገንዘብ ለስሚንቶው ካወጣነው ያነሰ ነው።

ዋጋ የሚያስከፍለው ሌላ ነገር ነው። በየዓመቱ ማየት ያስፈልጋል። ምርጊት ማደስ፣ አሸንዳ መጥረግ፣ ጥግ ላይ የተሰነጠቀውን ወዲያው መድፈን። እኛ ስሚንቶ የገዛነው ከዚህ ሥራ ለማምለጥ ነበር። ፍሊስም ጆርጅም የቆሙት ከዚህ ሥራ ስላላመለጡ ነው። እዚያ ቤት ሳለሁ እንጨቶቹን ልብ ብዬ ሳያቸው አንዱ ከሌላው በቀለም ይለያል፣ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ገና ቡናማ ነው። ማለትም አንድ ሰው በአንድ ዓመት ያንን አንድ እንጨት ብቻ ለውጧል። ሌላ ሰው በሌላ ዓመት ሌላውን።

ጭቃ ቤት ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ሄርማታና መንደራ አካባቢ፣ ስሚንቶ ከማስለሰናችሁ በፊት ሰፈራችሁ ውስጥ ያሉትን አሮጌ አናጢ ፈልጉ። ስሚንቶ ያለበት ግድግዳ ካላችሁ ደግሞ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ በጣታችሁ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጣችሁ አትጠብቁ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ከፍታችሁ እንጨቱን እዩት። ኖራ ስትገዙ ቀለም የተቀላቀለበትን አትግዙ። ጭቃው ጭዱ በደንብ እስኪዋሃደው ይቡካ፣ የቸኮለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የቀሩትን ሦስት ግድግዳዎች ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንድ በአንድ እንከፍታለን። ጋሼ በየቋሚው ላይ ከአሁኑ በመሮ ጭረት አድርገዋል፣ አንድ ጭረት ለሚቆየው፣ ሁለት ለሚጠገነው። ሁለት ጭረት ያለባቸው አምስት ናቸው። ጭቃው ጓሮ ላይ እየቦካ ነው፣ እማዬ ዶሮዎቿ እንዳይጭሩት በአሮጌ ቆርቆሮ ከድናዋለች።